በሴኮንድ ላይፍ ውስጥ የሚያስፈሩ ቤቶችንና የእንቆቅልሽ ክፍሎችን ስለመጎብኘት

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦
ከታናሽ እህቴ ጋር በሴኮንድ ላይፍ ምናባዊ ዓለም የተሠሩ የመናፍስት ቤቶችንና እንቆቅልሽ ተፈትቶ የሚወጣባቸውን ክፍሎች መጎብኘት ጀምረናል። ይሁን እንጂ የላፕቶፓችን አቅም ዝቅተኛ በመሆኑ ጨለማው ክፍል ውስጥ ስንገባ ምስሉ ይንቀራፈፋል፤ ፍርሃቱም አብሮ ይጠፋል። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ (ከአራት ኪሎ)፦
በቅድሚያ የእይታ ርቀቱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እስከ ምን ያህል ርቀት ያለውን ነገር እንደሚያሳይ የሚወስነውን ቅንብር፣ ወደ 64 ሜትር ዝቅ ያድርጉት፤ ቤት ውስጥ ለሚካሄድ ጨዋታ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጥላና ነጸብራቅ የሚያሳዩትን ቅንብሮችም ያጥፏቸው። ድምፁን ግን በፍጹም አይዝጉ። የበሩ ሲጥሲጥታ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በጆሮ ማዳመጫ ስለሚለይ፣ በእኔ እምነት ከምስሉ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው።

መልስ (ከካዛንቺስ)፦
በተባለው እስማማለሁ። እንቆቅልሹን በተመለከተ፣ ይህ ዓለም በ2003 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከተከፈተ ጀምሮ አብዛኞቹን ቦታዎች የሚሠሩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ የአንዱ ቤት ሕግ ለሌላው አይሠራም፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ የሚሰጠውን የጽሑፍ ማስታወሻ ሳያነቡ አይለፉ። አንዳንዱ ቦታ ማያ ገጹ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ይሰጣል፤ ያለ እርሱ ቁልፉን ቢያገኙም በሩ ላይከፈት ይችላል። እህትዎ 18 ዓመት ካልሞላቸው ደግሞ «ጄኔራል» (ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆን ነገር የሌለባቸው) ከተባሉት ቦታዎች ውጭ መግባት አይፈቀድላቸውም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ የእይታ ርቀቱን ዛሬ ማታ እናስተካክላለን።