ሞስኮ ካዛንን የዋጠቻት በሃይማኖት ነው በፕላን?

የጦሳ ልጅ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ሁላችሁም። ትናንት በርጫ ላይ ክርክር ተነስቶ ሳንግባባ ተበተንን። የሞስኮው (የሩሲያው) ንጉሥ ኢቫን አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1552 ቮልጋ ወንዝ ላይ ያለውን የካዛን ሙስሊም ታታሮች መንግሥት ሲይዝ በቃ የሃይማኖት ጦርነት ነበር ወይስ ቆየት ያለ ስልት ነበረው? አንዱ ጓደኛችን መስቀልና ጨረቃ ነው ሌላ ነገር የለውም ብሎ ድርቅ አለ፣ እኔ ደሞ እንደዛ አይመስለኝም። የምታውቁ እስኪ በሉኝ

ቦርከና፦
አብሽር፣ ጓደኛህ ግማሹን ይዟል፣ ካህናቱ እኮ በደንብ ሰብከዋል። ግን ነገሩ የሚጀምረው ከአያቱ ከኢቫን ሦስተኛ ነው፣ በ1487 ካዛንን ያዘና አልጠቀለላትም፣ ሙሐመድ አሚን የሚባል የራሷኑ ልዑል አስቀምጦ ሄደ። ከዛ ወዲህ ሥራቸው ይሄ ሆነ፣ የራሳቸውን ሰው ያነግሣሉ፣ ካዛኖች ያባርሩታል፣ ደሞ ያመጡታል። ሻህ ዓሊን ሦስት ጊዜ አንግሠውታል! ሰውዬው ሙስሊም ነው፣ በሞስኮ ሥር ያለችውን የካሲሞቭን ታታሮች የሚገዛ፣ በ1552ም ወታደሩን ይዞ ከኢቫን ጋር ካዛንን ሊከብ ዘምቷል። መስቀልና ጨረቃ ብቻ ከሆነ እሱን የት ልታደርጉት ነው?

ሚሌ፦
እኛስ ጋ አጼ አምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የኢፋቱን ሰብረዲንን አስሮ ወንድሙን ጀማለዲንን ሾሞ የለ። ያው ነው

ሐይቅ ዳር፦
እኔን የሚገርመኝ ሞስኮዎች ካዛን አጠገብ የሠሩት ምሽግ ነው። ኢቫን ከዛ በፊት በብርዱ ወራት ሁለቴ ዘምቶ አልሆነለትም፣ አንዴ እንደውም የቮልጋ በረዶ ሳስቶ መድፉ ከነሰዉ ሰጠመ። ስለዚ በ1551 ወንዙን ሽቅብ ራቅ ብሎ ኡግሊች አካባቢ ምሽጉን ከነቤተ ክርስቲያኑ በእንጨት አዘጋጁት፣ ግንዱን ምልክት እያደረጉ ፈቱት፣ በረዶው ሲቀልጥ በወንዙ አንሳፈው ወስደው በአራት ሳምንት ገደማ መልሰው ገጠሙት። ስቪያዥስክ ይባላል፣ ከካዛን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ሐይቅ በለው። በዛ በኩል ያሉት ቹቫሾችና ማሪዎች የሚባሉ ሕዝቦች ወዲያው ገበሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት መድፉም ስንቁም ደጃፉ ላይ ነበር፣ መጀመሪያ በዋሻ ገብተው የካዛንን የውሃ መቅጃ አፈነዱ፣ ከዛ ግንቡን በባሩድ

የጦሳ ልጅ፦
እሺ ሹሙን አንግሦ መመለስ ከቀለለ ለምን ጠቀለሏት ታዲያ?

ቦርከና፦
አልቀለለማ። ሻህ ዓሊን ሕዝቡ ጠላው፣ በሱ ቦታ የሞስኮ ሹም እናስገባ ሲሉ ካዛኖች በሩን ዘግተው ያዲገር የሚባል ታታር ልዑል አነገሡ። ደሞ ቮልጋ እስከ ካስፒያን የሚወስድ የንግድ መንገድ ነው፣ ሳይቆዩ በ1556 ቮልጋ ካስፒያን የሚገባበት ጋ ያለችውን አስትራካንን ጨመሩ እኮ። ያዲገርም ተማርኮ ሞስኮ ተጠመቀ፣ ስምዖን ተባለ

ሚሌ፦
ቦሩ ሜዳ በለኛ! ኢማም ሙሐመድ ዓሊም በ1870 ዓ.ም ራስ ሚካኤል ሲባሉ ክርስትና አባታቸው አጼ ዮሐንስ ነበሩ

ሐይቅ ዳር፦
ኧረ አይገናኝም፣ ሚካኤል ወሎን እንደያዙ ቀጠሉ ኋላም ንጉሥ ሆኑ፣ ያዲገር ግን ካዛን አልተመለሰችለትም