የትኛው ሃያ ሚሊዮን ነው ቁጭ ብሎ የሚበላው?

የአቶቴ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ «ሃያ ሚሊዮን ሰው የመንግሥት ስንዴ ቁጭ ብሎ ይበላል» ብለህ የጻፍከው ሰውዬ፣ እስቲ ብቅ በል። የትኛው ሃያ ሚሊዮን?

ሞኖፖል፦ አለሁ። 2015 ላይ እርዳታው ሲቋረጥ ሚዲያው ሁሉ ሃያ ሚሊዮን ሲል አልነበር? ከኪሴ አላወጣሁትም።

የአቶቴ ልጅ፦ እሱ ድርቅና ጦርነት ያመጣው የድንገተኛ እርዳታ ቁጥር ነው። እህሉም በአብዛኛው የአሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ነበር። የቆመው ስንዴው ተሰርቆ ገበያ ስለወጣ ነው እንጂ ተረጂው ሰንፎ አይደለም። ሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሃውን በአብዛኛው ሥራ እያሠራ የሚከፍለው ፕሮግራም፣ ሌላ ነው፤ የገጠሩ ስምንት ሚሊዮን ገደማ።

ሐይቅ ዳር፦ ሴፍቲኔቱስ በማን ብር ነው? ዓለም ባንክን ረሳኸው እንዴ?

ታቦር ሥር፦ ብሩ የማንም ይሁን። «ቁጭ ብሎ» ነው ያልከው? ሌሊት 11 ሰዓት ተነስና እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ውረድ። አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው አስፋልት የሚጠርጉ የከተማ ሴፍቲኔት እናቶች አሉ። ከዚያች ክፍያ ላይ 20 በመቶው ለቁጠባ ይያዛል። አንተ በዚያ ሰዓት ሁለተኛው እንቅልፍህ ላይ ነህ።

ሞኖፖል፦ እናቶችን ማን ነካ? የሚከራይ ቤት ያለው ሰው ተመዝግቦ አይቻለሁ ነው የምለው።

ታቦር ሥር፦ ታዲያ እሱን ሂድና ጠቁም! በአንድ አከራይ ሃያ ሚሊዮን ሰው ቁጭ ታደርጋለህ?

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ገጠሩን ረሳችሁት። ሲዳማ ገጠር፣ ቦርቻ ውረዱና የሴፍቲኔቱን እርከን እዩ። ማን የሠራው መሰላችሁ? ያለ ሥራ የሚከፈለው ለአቅመ ደካማና ለመሳሰሉት ነው።

ሞኖፖል፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሴፍቲኔቱ በ1997 ተጀመረ። ራሳቸውን ችለው ይወጣሉ፣ «ይመረቃሉ» ተባለ። እስከ ዛሬ ምን እየተማሩ ነው?

ጡረተኛው፦ እርከን ዝናብ አይጠራም ልጄ። አንድ ክረምት ሲከዳው የተመረቀውም ተመልሶ ይመዘገባል።

ሐይቅ ዳር፦ የከተማውም ያው ነው። ሦስት ዓመት ሞላ፣ መነሻ ብር ተሰጠው፣ ተመረቀ። ዘይትና ጤፍ ግን አብረውት አልተመረቁም።

የአቶቴ ልጅ፦ ስንዴ ወደ ውጭ ላክን ሲባል እዚህ ግሩፕ ላይ ያጨበጨበው ማን ነበር? ሞኖፖል አይደል?

ሞኖፖል፦ አጨበጨብኩ። አሁንም አጨበጭባለሁ። ምን አመጣው ግን እሱን?

የአቶቴ ልጅ፦ የተረፈን ስንዴ ነዋ የሚላከው! እነማን ናቸው ታዲያ ሃያ ሚሊዮኑ?

ሞኖፖል፦ አድሚን፣ ይሄ ልጅ ወሬ ወደ ፖለቲካ እየቀየረ ነው።