12 ዋት ቲዩብ አምፕ 86 ዲሲቤል ስፒከር ይነዳል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ በየቻናሉ 2 ኢኤል84 ቲዩብ ያለው ፑሽ ፑል (ሁለቱ ቲዩቦች ተጋግዘው የሚሠሩበት) ቲዩብ አምፕ ነው፣ 12 ዋት። ከጀርባው 0፣ 4 እና 8 ኦም የተባሉ የስፒከር ማገናኛዎች አሉት። ስፒከሮቹ ላይ «8 ኦም፣ 86 ዲሲቤል» ተጽፏል፤ ያገናኘሁትም በ8ቱ ነው። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ቤዙ ይልፈሰፈሳል፣ የዘፋኙ ድምፅም ይሻክራል። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው። የቱን ልቀይር?

መልስ 1
ወንድሜ፣ መሻከሩ የጉልበት ማነስ ነው። 86 ዲሲቤል ማለት በ1 ዋት፣ ከ1 ሜትር ርቀት የሚለካው ድምፅ ነው። ዋቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚጨመረው 3 ዲሲቤል ብቻ ስለሆነ 12 ዋት የሚያደርስህ 97 አካባቢ ነው፤ ወንበርህ ጋ ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ለክራርና ለድምፅ ብቻ በቂ ነው። ከበሮና ትራምፔት ሲገባ ግን ድንገተኛው ምት ከአማካዩ ከ10 ዲሲቤል በላይ ይዘላል፤ አምፑ እዚያ ላይ ጉልበቱ ስለሚያልቅ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል። ስፒከሩ 95 ዲሲቤል ቢሆን ኖሮ ይኸው 12 ዋት አሁን ባሉህ ላይ 95 ዋት የሚሰጠውን ያህል ይጮኽ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ ለስፒከሩ አውጣ።

መልስ 2
ስለ ዋቱ እስማማለሁ፤ የቤዙ ነገር ግን ሌላ ነው። «8 ኦም» የስም (ግምታዊ) ቁጥር ነው። ብዙ ስፒከር በአንዳንድ ፍሪኩዌንሲ ወደ 4 ይወርዳል፣ በቤዙ ሬዞናንስ (ስፒከሩ በራሱ ቀልሎ በሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) ላይ ከ20 በላይ ይወጣል። የቲዩብ አምፕ የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ ተቃውሞ) ከትራንዚስተር አምፕ በጣም ስለሚበልጥ፣ ኦሙ በወጣበት ቦታ ድምፁ ያብጣል፣ ኮኑም (የስፒከሩ ተርገብጋቢ ክፍል) ቶሎ አይቆምም።

ይህን ለመቀነስ ምንም ሳትገዛ 4 ኦሙን ሞክረው። አምፑን አጥፍተህ ሶኬቱን ንቀል፣ የሁለቱንም ስፒከር ቀይ ሽቦ ከ8 ወደ 4 አዙር፣ ጥቁሩ 0 ላይ ይቆይ። ዋት ትንሽ ታጣለህ፣ ቤዙ ግን መልፈስፈሱን ይቀንሳል። ስታወዳድር ድምፁን እኩል አድርገው፤ አለዚያ ጆሮ ሁልጊዜ የጮኸውን ይመርጣል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ስፒከሩን በመልቲሜትር ስለካው 6 ኦም ይላል፤ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 2
ጤነኛ ነው። መልቲሜትር የሚለካው የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ የዲሲ ሬዚስታንስ (ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ነው፤ ለ8 ኦም ስፒከር 6 አካባቢ የተለመደ ነው።

መልስ 3
አንድ ነገር ልጨምር፦ ስፒከር ሳይገናኝ አምፑን አታብራ። ሙዚቃ እየሄደ ሽቦ ከተነቀለ አውትፑት ትራንስፎርመሩ (ከቲዩቦቹ ወደ ስፒከሩ የሚያስተላልፈው) ውስጥ ቮልቴጁ ይዘልና ኢንሱሌሽኑን (የሽቦውን መከለያ) ሊበሳው ይችላል። ከአምፑ ዕቃ ሁሉ ውዱ ደግሞ እሱ ነው። ክዳኑንም አትክፈት፤ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ዕቃዎች) ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።