ጀልባ ማክረም፦ ጅማ ላይ ማን ጋ ሄጄ ምን ገዛሁ

በጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ላይ ትንሽ የፋይበርግላስ ጀልባ ያላችሁ፣ ሰኔ ሳይጋመስ አውጧት። ውሃው በክረምት ይሞላል፤ ዳር ላይ ያሰራችኋት ጀልባ ነሐሴ ላይ መሃል ውሃ ትገኛለች። በረዶ በሚጥልበት አገር የሚፈራው ሞተር ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ብረቱን እንዳይሰነጥቅ ነው። የእኛ ጠላት ግን ዝናብና እርጥበት ነው።

ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ሞተሩ ላይ አውሉ። እኔ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ሞክሬአለሁ። የመኪና ጋራዡ በሞተሩ ግርጌ ላለው ጊር ዘይቱን ከላይኛው ቀዳዳ ጨመረ፤ ውስጡ አየር ታፍኖ ዘይቱ ጎደለ። የሞተር ብስክሌት ጠጋኙ ግን ከታችኛው ቀዳዳ እየገፋ ከላይኛው እስኪወጣ ድረስ ሞላው። ከዚያ በፊት አሮጌውን ዘይት በነጭ ሳህን ቀድቶ አሳየኝ፤ ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር። ዘይት የሚያግደው ጎማ አልቆ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። እንደዚያው ቢከርም ኖሮ የጊሩ ጥርሶች በዝገት ይበሉ ነበር። ስለዚህ ያለ ማመንታት የሞተር ብስክሌት ጠጋኝ እላለሁ፤ ትንንሽ ሞተር የዕለት እንጀራው ነው። ሞተሩን በውሃ በርሜል ውስጥ አስነስቶ፣ ቤንዚኑን ዘግቶ፣ ካርቡራተሩ ደርቆ ሞተሩ እስኪጠፋ መጠበቁን፣ ካንዴላውን ፈትቶም ዘይት ጠብ ማድረጉን አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ለመሸፈኛ ጅማ ሂርማታ ገበያ ሁለት ዓይነት ሸራ ታገኛላችሁ። ሰማያዊው የላስቲክ ሸራ ርካሽና ቀላል ነው፤ የእኔ ግን ነሐሴን ሳያጋምስ ገመድ ማሰሪያው ላይ ተቀደደ፣ ከሥሩም ላብ ያዘ። ወፍራሙ የጭነት መኪና ሸራ ይከብዳል፣ ግን ይተነፍሳል። ያገለገለም ቢሆን እሱን ግዙ። ውሃ እንዳይቋጥር ከሥሩ የባሕር ዛፍ አጣና እንደ ቤት ማገር አጋድሙበት።

ማስቀመጫን በተመለከተ፣ ጀልባዋን በአይሱዙ ጅማ ድረስ ማምጣት ድካም ነው። ከሐይቁ ብዙ ሳትርቁ ደነባ አካባቢ ጥበቃ ያለው ግቢ ተከራይታችሁ፣ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋችሁ፣ የኋላውን የውሃ መውጫ ውታፍ ነቅላችሁ ተዉአት። እንጨት ማቆሚያውን ጅማ በርጩማ ከሚሠሩ አናጺዎች አሠሩ፤ የእኔ ሦስት ክረምት ሳይነቃነቅ ቆሟል።

ሞተሩን ግን ቤት አምጡት። ውስጡ የቀረው ውሃ እንዲወርድ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የቤንዚን ቱቦውንም አይጥ ከማይደርስበት ስቀሉ።