ለማናውቀው ከተማ፣ ከሜዳ ውጭ ላለ ጨዋታ ጉዞ እንዴት ይታቀድ?

የማዕዘን ባንዲራ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ቡድናችን በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ወደ ጥሎ ማለፍ ስለገባ አራት ሆነን ከሜዳ ውጭ ያለውን ጨዋታ ሄደን ለማየት ወስነናል። ዕጣው ገና አልወጣም፤ የትኛውም ከተማ ቢደርሰን ግን ለአራታችንም እንግዳ ነው። የምንሄደው ለመልሱ ጨዋታ ነው። የዙሩ ቀናት ቢታወቁም ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ገና አልተለየም።

እስካሁን ያሰብነው እንዲህ ነው፦ ዕጣው እንደወጣ ርካሽ በረራ መቁረጥ፣ ስታዲየሙ አጠገብ ማደር፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 12:30 በሚነሳ በረራ መመለስ (ሁለታችን ከሰዓት በኋላ ሥራ እንገባለን)። አንዳችን ቪዛ ያስፈልገዋል። ሻንጣ አንይዝም፣ እያንዳንዳችን አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ። የቱ ጋ ነው የምንሳሳተው? አትማሩን፣ በግልጽ ንገሩን።


ዘጠና ደቂቃ

ቅደም ተከተሉ ላይ። በረራ መጀመሪያ አይቆረጥም፤ ትኬቱ ነው የሚቀድመው። በአውሮፓ የክለብ ውድድሮች ለእንግዳ ደጋፊ የሚመደበው ቢያንስ 5 በመቶ የስታዲየሙ መቀመጫ ነው። 40,000 ሰው የሚይዝ ሜዳ ከሆነ 2,000 መቀመጫ ማለት ነው፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ስፖንሰሩና የክለቡ ሰዎች የሚወስዱት አለ። ክለቦች ይህንን አብዛኛውን ጊዜ በነጥብ (ደጋፊው ከዚህ በፊት ጨዋታ በመከታተል ባጠራቀመው) ወይም በአባልነት ዘመን ነው የሚያከፋፍሉት። ስለዚህ ዛሬ የምትሠሩት ሥራ የአራታችሁም አባልነት አለመቃጠሉንና ነጥባችሁ ስንት እንደሆነ ማየት ነው። አራት ሰው በአንድ ሰው አካውንት አይገዛም፤ ብዙ ክለብ ለአንድ አባል አንድ ትኬት ብቻ ነው የሚሰጠው።

ሌላው በዕጣው ቀን መጣራት ያለበት ጉዳይ ቅጣት ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበሩ ዩኤፋ አንዳንዴ ክለብን የሚቀጣው ከሜዳው ውጭ ለደጋፊዎቹ ትኬት እንዳይሸጥ በመከልከል ነው። ቅጣቱ በገደብ የተያዘ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ሰው ርችት ቢለኩስ ተፈጻሚ ሊሆን ይችላል። ቡድናችሁ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ ካለ፣ ገንዘቡ የማይመለስ ነገር ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አትግዙ። በባለሜዳው ደጋፊዎች መሃል ትኬት ገዝቶ «ዝም ብዬ እቀመጣለሁ» ማለት አማራጭ አይደለም። አስተናባሪዎቹ ካወቋችሁ ያስወጧችኋል፣ ገንዘቡም አይመለስም። ጎል ሲገባ ደግሞ ዝም የሚል ሰው እስካሁን አልታየም።

የቪዛው ሰው ጉዳይ ከሁሉም ያስቸኩላል። የሼንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ የሚገባው ለምትሄዱበት አገር ስለሆነ ከዕጣው በፊት ማስገባት አይቻልም፤ ውሳኔው በመደበኛ አሠራር እስከ 15 ቀን ይወስዳል፣ የቀጠሮው ወረፋ ደግሞ ለብቻው ነው። ከዕጣው እስከ መልሱ ጨዋታ ሦስት ሳምንት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ የሚሄድበት አገር ሳይታወቅ ሊዘጋጅ የሚችለውን ወረቀት ሁሉ አሁን ይጨርስ፦ ፓስፖርቱ ከተመለሰበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ፣ ባለፉት አሥር ዓመታት የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ። ከሌላ የሼንገን አገር የተሰጠው፣ ጊዜው ያላለፈ ባለብዙ መግቢያ ቪዛ ካለው ግን እፎይ ይበል። እንግሊዝና ቱርክ ሼንገን ውስጥ የሉም፤ ዕጣው ወደዚያ ከጣላችሁ ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ወረፋ ነው።


ካርታ አንባቢ

«ስታዲየሙ አጠገብ ማደር» የሚለውን ሰርዙት። ብዙ ስታዲየም አጠገቡ መኪና ማቆሚያና አውራ ጎዳና እንጂ ሌላ ነገር የለውም። የሙኒኩን አሊያንዝ አሬና ብትወስዱ ከከተማው ሰሜን ጫፍ ፍሮትማኒንግ ላይ ነው፣ ከመሃል ከተማ የሚያደርሳችሁ ዩ6 የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ስታድ ደ ፍራንስ በፓሪስ ስም ቢታወቅም ያለው ሴንት ዴኒ ነው። ኢስታንቡል ደግሞ ከተማው ለሁለት አህጉር የተከፈለ ነው፦ ፌነርባቼ በእስያ በኩል፣ ጋላታሳራይና ቤሺክታሽ በአውሮፓ በኩል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2023 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የተካሄደበት የአታቱርክ ኦሊምፒክ ስታዲየም ከመሃል ከተማው በጣም ሩቅ ነው። ሆቴሉን በከተማው ስም ብቻ የቆረጠ ሰው ባሕር መሻገር ሊጠብቀው ይችላል።

የምመክረው፦ ወደ ስታዲየሙ ሳይቀያየር በሚሄድ አንድ የባቡር መስመር ላይ ያለ ማደሪያ፣ ቢቻል ከስታዲየሙ ከ4 ኪሎ ሜትር ያልራቀ። አራት ኪሎ ሜትር የሃምሳ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ባቡሩ ቢቆም፣ መንገዱ ቢዘጋ፣ ታክሲ ቢጠፋ እግር አይሰረዝም። ማክሰኞና ረቡዕ እስኪለይ ሁለቱንም ሌሊት የሚሸፍን፣ ያለ ክፍያ የሚሰረዝ ክፍል ያዙ፤ ቀኑ ሲረጋገጥ የማያስፈልገውን ትለቃላችሁ። የመሰረዣውን የመጨረሻ ቀንና ሰዓት ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጉት፤ የሚቆጠረው በሆቴሉ ከተማ ሰዓት ነው።

ካርታ ላይ ደግሞ የስታዲየሙን ስም አትፈልጉ፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን በር ፈልጉ። የእንግዳ ደጋፊ መግቢያ ሆነ ተብሎ ከባለሜዳው በር ርቆ ነው የሚደረገው፤ አንዳንዴ ለእንግዶች የሚነገረው ባቡር ጣቢያም የተለየ ነው። በተሳሳተው ወገን ከወረዳችሁ ፖሊስ ያጠረውን ዙሪያ መዞር ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይበላል፣ ያውም በተጋጣሚ ደጋፊ መሃል። ከሆቴል እስከዚያ በር ያለውን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱት።


የፍተሻ በር

ስለ ቦርሳው፦ የጀርባ ቦርሳ ይዛችሁ ስታዲየም በር ላይ ከቆማችሁ ጨዋታው ለእናንተ አልቋል። ብዙ ስታዲየም ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ አያስገባም፣ የማስቀመጫ ቦታ ደግሞ ለእንግዳ ደጋፊ ሁልጊዜ አይኖርም። ባቡር ጣቢያ ያለው የሻንጣ ማስቀመጫ ጨዋታው ሳያልቅ ሊዘጋ ስለሚችል የመዝጊያ ሰዓቱን ሳታዩ አትመኑት። ቦርሳው ማደሪያችሁ ይቅር። ክፍል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ እንግዳ መቀበያው ቦርሳ ብቻ እንዲይዝላችሁ ጠይቁ።

ኪሳችሁ ውስጥ የሚቀረው፦ ፓስፖርት፣ ስልክ፣ የባንክ ካርድና ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ የዝናብ ካፖርት። ጃንጥላ አብዛኛው ቦታ ይከለከላል፤ ሹል ጫፍ አለው፣ የኋላውን ሰውም ይጋርዳል። የውሃ ጠርሙስ ሲያስገቡም ክዳኑን ይቀበሏችኋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሙሉ ጠርሙስ ክዳኑ ካለ ሲወረወር እንደ ድንጋይ ነው፣ ክዳን ከሌለው ግን አየር ላይ እያለ ይፈስሳል። ትልቅ ባንዲራ ካላችሁ በደጋፊ ማኅበራችሁ በኩል አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ጨርቁ እሳት የማይዝ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት የሚጠይቁ አሉ። የባንዲራ እንጨት ግን ባትሞክሩት ይሻላል።

ፓወር ባንክ አውሮፕላን ላይ ከእናንተ ጋር እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይሄድም፤ ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ስለሚመጣ ያልፋል። ስታዲየም በር ላይ ግን ትልቁን ሊወስዱት ስለሚችሉ ትንሽ፣ ስልክ አንዴ የምትሞላ ይበቃል። ያ ደግሞ የግድ ነው፣ ምክንያቱም ትኬቱ ስልካችሁ ውስጥ ነው።

እሱ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የስልክ ትኬት ኮዱ ስለሚለዋወጥ ወይም ስታዲየሙ አጠገብ ሲደረስ ብቻ ስለሚከፈት ስክሪንሹት አይሠራም። አራቱንም ትኬት አንድ ሰው ስልክ ላይ አታከማቹ፤ ባትሪው ካለቀ አራታችሁም ውጭ ናችሁ። ከቤት ሳትወጡ ለእያንዳንዱ ሰው አስተላልፉ፣ ስሙም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይሁን። አንድ ፊደል ያነሰ ስም በር ላይ ለግማሽ ሰዓት ያስቆማል። በመጨረሻም፣ ስታዲየሙ ሲሞላ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። «ተደዋውለን እንገናኛለን» የሚባል ነገር የለም። ከመግባታችሁ በፊት የምትገናኙበትን ቦታ ቁሙበትና ተስማሙ፤ የሆቴሉን አድራሻም አራታችሁም በወረቀት ያዙ።


የማዕዘን ባንዲራ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ። ስታዲየሙ አጠገብ ማደሩንና ትኬቱን ሁሉ በአንድ ሰው ስልክ መያዙን ትተናል። የቀረን መመለሻው ነው። ጨዋታው ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢጀምር 5 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ የ12:30ው በረራ ምን ችግር አለው? ማልያ ለብሰን ከተማውን መዞር እንችላለን ወይ?


ባለ ስካርፉ

ከሜዳ ውጭ ጉዞ የሚበላሸው ሲሄዱ አይደለም፣ ሲመለሱ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከመጨረሻው ፊሽካ ወደ ኋላ ቁጠሩት።

ሰዓቱን በጣት እንቁጠር። 3 ሰዓት ላይ ከጀመረ መደበኛው ጨዋታ ከነእረፍቱና ከነባከነው ሰዓት ወደ 4:55 ያልቃል። የእናንተ ግን የመልስ ጨዋታ ነው። ከ2021/22 ጀምሮ ከሜዳ ውጭ የሚቆጠር ጎል ብልጫ ስለሌለው፣ ድምር ውጤቱ እኩል ከሆነ በቀጥታ ተጨማሪ ሰዓት ነው፤ ወደ 5:35። ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ 5:50። ከዚያ በኋላ የእንግዳ ደጋፊ ወዲያው አይለቀቅም፤ የባለሜዳው ደጋፊ እስኪበተን ሠላሳ አርባ ደቂቃ በሩ ተዘግቶ ትቆማላችሁ። እንግዲህ ከሌሊቱ 6:30 ሆነ። የብዙ ከተሞች የምድር ውስጥ ባቡር በሥራ ቀን የሚቆመው በዚያው አካባቢ ነው። ማደሪያችሁ 7:30 ብትገቡ፣ አየር ማረፊያ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ 10:30 መገኘት ግድ ስለሆነ ከ9:45 በፊት መነሳት አለባችሁ። የዚያን ሰዓት ደግሞ የማለዳው ባቡር ገና አልጀመረም። ቡድናችሁ በመደበኛው ሰዓት ካለፈ ሁሉም ይደርስበታል፣ ካልሆነ ግን ለቀጣዩ ቀን ሥራ የማትሆኑ ሰዎች ናችሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚነሳ በረራ ያዙና ለሥራችሁ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቁ።

በረራውን መቀየር ካልቻላችሁ ደግሞ ከካርታ አንባቢ ጋር ትንሽ እለያለሁ፦ ያን ጊዜ ማደሪያው መሆን ያለበት ለአየር ማረፊያው እንጂ ለስታዲየሙ የቀረበ አይደለም። ሌሊት የሚሠራ አውቶቡስ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ታክሲ ላይ አትደገፉ። ከስታዲየሙ በር ላይ በስልክ ታክሲ መጥራት ባዶ ልፋት ነው፤ መንገዱ ለመኪና ዝግ ስለሆነ ሹፌሩ አይደርስባችሁም፣ ዋጋውም በዚያች ሰዓት ይሰቀላል። ሕዝቡ ከሚሄድበት በተቃራኒ አንድ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ዋና መንገድ ላይ ጥሩ። አቅጣጫውን ቀን እያለ ምረጡት።

ስለ ማልያው፦ መሃል ከተማ ላይ ቀን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፣ ግን በየከተማው ይለያያል፤ የደጋፊ ማኅበራችሁ የሚያወጣውን መመሪያ አንብቡ። ፖሊስ ለእንግዳ ደጋፊዎች መሰብሰቢያ ከወሰነና አውቶቡስ ካዘጋጀ፣ በእሱ መሄዱ ከሁሉም ይቀላል፤ ቀድሞ መድረስና ረጅም መጠበቅ አለው እንጂ ቀጥታ ከእናንተ በር ላይ ነው የሚያወርዳችሁ። ብቻችሁን ከሄዳችሁ ማልያውን በጃኬት ሸፍኑት፣ ስካርፉን ኪስ ክተቱት፣ የባለሜዳው ደጋፊዎች የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት አትግቡ። ሲወጡም እንደዚያው፣ በተለይ ካሸነፋችሁ።


ዘጠና ደቂቃ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ሰዓቱ። የዩኤፋ መርሃ ግብር ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ነው። 21:00 የሚለው ለንደን ውስጥ 20:00 ነው፣ ማለትም ከምሽቱ 2 ሰዓት። ኢስታንቡል ደግሞ በአውሮፓ የብርድ ወራት በሁለት ሰዓት ስለሚቀድም 18:45 ተብሎ የተጻፈው እዚያ 20:45 ነው። በረራው የሚጻፈው ግን ሁልጊዜ በየከተማው ሰዓት ነው። አራታችሁ የምትጋሩት ሰሌዳ ላይ ሁሉንም በጨዋታው ከተማ ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉት። አንዱ «3 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ሌላው ከቀኑ 9 ሰዓት መስሎት እንዳይቀር። ጨዋታው በአየር ጠባይ ወይም በሌላ ምክንያት ወደ ማግስቱ ከተዛወረም ትኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ በረራና ሆቴል ግን ማንም አይመልስላችሁም። ያልሰረዛችሁት ተጨማሪ ሌሊት ካለ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ የመሰረዣው ቀነ ገደብ ከጨዋታው በኋላ የሚያልፍ ክፍል ካገኛችሁ ትንሽ ቢወደድም ውሰዱት።