የመጀመሪያው አሮጌ የጦር ጠመንጃ፦ ማህተሙ ይታይ ወይስ አፈሙዙ?

ጠያቂው፦ የመሣሪያ ፈቃዴ እጄ ገብቷል። የመጀመሪያ ጠመንጃዬ ከጦር ሠራዊት ግምጃ ቤት ተርፎ ለገበያ የወጣ አሮጌ የወታደር ጠመንጃ እንዲሆን ወስኛለሁ። አልፎ አልፎ ዒላማ ልተኩስበት፣ በቀረው ጊዜ ታሪኩን ላጠናበት ነው። ሁለት ወዳጆቼ ግን አላስማማ ብለውኛል። አንዱ «በየክፍሉ ላይ የተመታው መለያ ቁጥር ሁሉ የሚገጥምለትን ግዛ» ይላል። ሌላው «ቁጥር አይተኮስም፤ አፈሙዙን እይ» ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሰብሳቢዋ፦ እኔ ከመጀመሪያው ወዳጅህ ጋር ነኝ። መቀርቀሪያ ከጠመንጃው አካል ጋር ተለክቶና ተስማምቶ ከተገጠመ በኋላ ነው ቁጥር የሚመታበት። በጀርመኑ ማውዘር ካር 98 ላይ ቁጥሩን በመቀርቀሪያው፣ በካዝናው ወለል፣ በማነጣጠሪያው፣ አንዳንዴም በትናንሽ ብሎኖቹ ላይ ሳይቀር ታገኘዋለህ። ያ ሁሉ ሲገጥም ጠመንጃው አንድ ሕይወት የኖረ ነው ማለት ነው። ካልገጠመ ደግሞ ከየወዳደቀው ተለቃቅሞ የተሰፋ ነው። አንድ ቀን ልሽጠው ብትልም ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ በማህተም ላይ ያለሽን እምነት ቀነስ አድርጊው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ከጀርመን የማረኳቸውን ካር 98 ጠመንጃዎች ፈታተው አጸዱና መቀርቀሪያውን ከአንዱ፣ እንጨቱን ከሌላው እያነሱ መልሰው ገጣጠሟቸው፤ ቁጥርም እንደገና ጻፉባቸው። በራሳቸው ሞሲን ናጋንት ላይም በእድሳት ጊዜ የመቀርቀሪያው የድሮ ቁጥር ተሰርዞ አዲስ ይመታበት ነበር። ስለዚህ «ሁሉም ይገጥማል» የተባለው ጠመንጃ በፋብሪካ የገጠመ ነው ወይስ በግምጃ ቤት እንዲገጥም የተደረገ? የዛሬ አጭበርባሪም ቁጥር መምቻ አያጣም።

እኔ ዘንድ ጠመንጃ ሲመጣ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ከዚያ መቀርቀሪያውን አውጥቼ አፈሙዙን በብርሃን አያለሁ፤ ከዚያ እለካለሁ። መቀርቀሪያው ሲዘጋ በግንባሩና በቀለሁ ቂጥ መካከል የሚተርፈው ክፍተት ከልኩ ካለፈ፣ ሲተኮስ ቀለሁ ተለጥጦ ሊበጠስ ይችላል። ያን ጊዜ የጋለው ጋዝ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ለዚህ የተሠሩ የብረት መለኪያዎች አሉ፤ በመጀመሪያው መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት፣ በሁለተኛው መዘጋት የለበትም። በሁለተኛው ከተዘጋ ሦስተኛና የመጨረሻ መለኪያ ይገባል፤ በእርሱም ከተዘጋ ያ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይተኮስም። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ይህን ጥቂት ደቂቃ የነፈጉ ስንቱን አይቻለሁ።

እንግሊዞች ለዚህ ችግር በሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ላይ ብልሃት አበጁለት። የመቀርቀሪያው ጭንቅላት ተፈትቶ ይወጣል፤ ከ0 እስከ 3 ቁጥር እየተሰጠው በተለያየ ርዝመት ተሠርቷል። ክፍተቱ ሲሰፋ ረዘም ያለውን መግጠም ነው። ማውዘር ላይ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም።

ዒላማ ተኳሹ፦ ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን ከዚያም በፊት የሚጠየቅ አለኝ። ጥይቱ ይገኛል ወይ? ጠመንጃ አንድ ጊዜ ነው የሚገዛው፤ ጥይት ዕድሜ ልክ። የሞሲን ጥይት 7.62 በ54 (የአረሩ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው) እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ እስከ ዛሬ በሠራዊት አገልግሎት ላይ ስላለ ይሠራል። የስዊድኑ 6.5 በ55 በአዳኞች ስለሚወደድ አይጠፋም። የጣሊያኑን 7.35 ካርካኖ ወይም የጃፓኑን 7.7 አሪሳካ የገዛ ሰው ግን ከተኮሰበት ጊዜ ይልቅ ጥይት የፈለገበት ጊዜ ይበልጣል።

በ7.92 ማውዘር ጥይትም ተጠንቀቅ፤ ስሙ አንድ ይምሰል እንጂ አረሩ ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. የ1888ቱ የጀርመን ጠመንጃ የተሠራው ውፍረቱ 8.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ አረር ሲሆን፣ በኋላ የመጣው ሹል አረር 8.2 ገደማ ነው። የኋለኛውን በፊተኛው ጠባብ አፈሙዝ መተኮስ ከአደጋ ጋር መጫወት ነው።

ሰብሳቢዋ፦ ጋሼ፣ ቁጥር አይተኮስም የሚለውን ሲደግፉ የአሜሪካውን ስፕሪንግፊልድ 1903 ረሱት። በተሠራበት ፋብሪካ የብረቱ ግለት የሚለካው በሠራተኛው ዓይን ነበር፤ ፀሐይ በደመቀበት ቀን የጋለው ብረት ቅላቱ ፈዞ ስለሚታይ ከልክ በላይ ይግል ነበር። ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1917 ጠመንጃዎቹ መፈንዳት ሲጀምሩ ጉዳዩ ተመረመረና አሠራሩ ተቀየረ። ዛሬ አስጊውን ከደኅናው የምንለየው በምንድን ነው? በቁጥር! በስፕሪንግፊልድ ከ800,000 በታች፣ ይህንኑ ጠመንጃ በሠራው በሌላው ፋብሪካ በሮክ አይላንድ ከ285,507 በታች የሆነውን አስተዋይ ሰው አይተኩስም። የእርስዎ መለኪያ ደግሞ ይህን አያገኘውም።

ጠጋኙ፦ በዚህ ረተሽኛል። አያገኘውም።

አዳኙ፦ ስለ ቁጥር ይህን ያህል መጨቃጨቅ ምን ይባላል? ሞሲን 91/30 ርዝመቱ 1 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ይዘኸው ስትገባ ከሚዳቋው በፊት አንተ ትያዛለህ። እንጨቱን ማሳጠር፣ መነጽር መግጠም፣ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አዳኞች ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ስንት ቤተሰብ ሥጋ በልቶበታል። ገንዘቤን የከፈልኩበት ዕቃ የሙዚየም አደራ ነው እንዴ?

ሰብሳቢዋ፦ ያኔ የተረፈው ጠመንጃ ክምር ነበር፤ ዛሬ ያለው ከመጋዝ ያመለጠው ነው። የተቆረጠ እንጨት መልሶ አይበቅልም። የአንተን ፍላጎት የሚሞላ ጠመንጃ ግን ሞልቷል፤ ዱሮ የተቆራረጡት ዛሬም በርካሽ ይሸጣሉ። እነርሱን ግዛ፤ ገና ያልተነካውን ለሚያዝንለት ተውለት።

አዳኙ፦ እሱስ የእኔም ከሃምሳ ዓመት በፊት ሌላ ሰው የቆረጠው ነው። ቃታው ከማንኛውም አዲስ ጠመንጃ ይለሰልሳል። እንግዲህ ቆራጩን አመስግኚልኝ።

ዒላማ ተኳሹ፦ ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ በጥፋቴ ተምሬዋለሁ። የአሮጌው ሠራዊት ጥይት ማቀጣጠያ አብዛኛውን ጊዜ ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። አንድ ማታ ደክሞኝ ዘይት ብቻ ቀባሁና ተኛሁ፤ በማግስቱ አፈሙዙ ውስጥ ቡናማ ሆኖ ጠበቀኝ። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። ተኩሰህ ስትጨርስ የፈላ ውኃ አፍስስበት፣ አድርቀው፣ ከዚያ ዘይት። የተጎሳቆለ አፈሙዝ ባየህ ቁጥር ከጦርነቱ ይልቅ ከጦርነቱ በኋላ የሰነፈውን ሰው አስብ።

ጠጋኙ፦ ጫፉንም እይ፤ ብዙ አፈሙዝ የተበላው በጥይት ሳይሆን ከፊት እየገባ በሚፈትገው የመወልወያ ዘንግ ነው። ሶቪየቶች ጫፉ የተበላውን ከውስጥ ሰፋ አድርገው ይቦረቡሩት ስለነበር አዲሱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገኛል፤ ብልሽት መስሎህ እንዳትሸሸው፣ ብዙ ጊዜ በደንብ ይመታል።

ሌላው ቅባቱ ነው። ለዓመታት እንዲቀመጡ በወፍራም ቅባት ተለውሰው ነው የሚመጡት። ሞሲኑ ከጥቂት ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያው አልነሣ ሲል ሰዎች በመዶሻ ይመቱታል፤ በአብዛኛው ግን ችግሩ ማጉረሻው ውስጥ ደርቆ የቀረ ቅባት ነው። ኤስ ኬ ኤስ በሚባለው ራሱ በሚያጎርሰው የሶቪየት ጠመንጃ ላይ ከሆነ ቅባቱ ከዚህም ይከፋል። ጥይቱን የሚመታው መርፌ በመቀርቀሪያው ውስጥ ልቅ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ በቅባት ተጣብቆ ወደ ፊት ከቀረ፣ ቃታው ሳይነካ ጥይቱ ሊፈነዳና በተከታታይ ሊተኩስ ይችላል። መቀርቀሪያውን ፈትተህ አጽዳው፤ ስታወዛውዘው መርፌው ሲንኳኳ ካልሰማህ ጥይት አታጉርስበት።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ማውዘር አይቼ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቁጥሩ ሁሉ ይገጥማል፤ አፈሙዙ ግን ጥላሸት የተቀባ ጭስ ማውጫ ይመስላል፣ ሻጩም መለኪያ እንዳስገባበት አልፈቀደም። ሁለተኛው የመቀርቀሪያው ቁጥር ሌላ ነው፤ በአፈሙዙ ውስጥ ያሉት ቦዮች ግን ያብረቀርቃሉ፣ በመጀመሪያው መለኪያ ተዘጋ፣ በሁለተኛው እምቢ አለ። ሁለተኛውን ገዛሁ። እህቴ፣ አትቆጪኝ።

ሰብሳቢዋ፦ አልቆጣም፤ መለኪያ ያልፈቀደ ሻጭ ቁጥሩንስ ማን እንደመታው ማን ያውቃል። እንጨቱን ግን የብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው።