ዛንዚባር ላይ ለእንግዳ የሚከራይ አፓርታማ መግዛት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የለገጣፎዋ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ለገጣፎ ነዋሪ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ አሜሪካ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ዜግነቱንም እዚያው ቀይሯል። በቅርቡ አንድ የቤት ሽያጭ ወኪል፣ በዛንዚባር ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ ገና በመሠራት ላይ ካለ ሕንጻ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ በ90,000 ዶላር እንዲገዛ እያግባባው ነው። ክፍያው የግንባታውን ደረጃ እየተከተለ የሚፈጸም ሲሆን፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ኩባንያው ራሱ ለቱሪስት እያከራየ ለ3 ዓመት በየዓመቱ የዋጋውን 8 በመቶ እንደሚከፍል በጽሑፍ ቃል ገብቷል። ከሦስቱ ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ስላለ አስተዳደሩን እኔ እንድይዘው ወንድሜ ይፈልጋል።

በእኛ ሰፈር ቅድሚያ ክፍያ ፈጽመው፣ ሕንጻው ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ብረቱ እንደተገተረ ቆሞባቸው፣ ዛሬም የሰው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ስለዚህ በመሠራት ላይ ያለ ቤት ሲባል ልቤ አይረጋም። የመሬቱ ሁኔታ ለውጭ አገር ሰው ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ፣ የ8 በመቶው ቃል ይታመን እንደሆነ፣ እኔም ያጠራቀምኩትን ብር ጨምሬ ባለድርሻ መሆን እችል እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሱሉልታው

እህቴ፣ ዛንዚባር በሆቴል ሥራ ላይ ቆይቻለሁና ስለ ቦታው የማውቀውን ላካፍልዎ። ስለ ሕጉና ስለ ሒሳቡ የተሻለ የሚያውቁ ይመልሱልዎታል።

በመጀመሪያ ወኪሉ ያሳየውን ፎቶግራፍ በስንት ሰዓት እንዳነሣው ይጠይቁ። ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት የምሥራቅ ዳርቻ መንደሮች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ የሚሸሸውም ትንሽ አይደለም። ጠዋት ከበረንዳው ሥር ሲያጨበጭብ የነበረው ውኃ፣ ሰዓቱ ደርሶ ሲሄድ ነጭ ጭቃና ኩሬ ብቻ ትቶ እስከ ዐለቱ ዳር ድረስ ይርቃል፤ የመንደሩ ሴቶችም በችካልና በገመድ የተከሉትን የባሕር አረም ለመሰብሰብ በእግራቸው ይገቡበታል። ይህን የሚያውቅ እንግዳ ይወደዋል። ለዋና ብሎ ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ግን በማግሥቱ ቅሬታውን በኢንተርኔት ይጽፋል፤ አዲስ ቤት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አስተያየቶች ይነሣል ወይም ይወድቃል። በሰሜኑ ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ የውኃው መሸሽ ብዙም ስለማያስቸግራቸው ቀኑን ሙሉ ይዋኝባቸዋል፤ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይወደዳል። ፓጄን ያቆመው ነፋሱ ነው፤ ነፋስ በሚጎትተው ሸራ ውኃ ላይ የሚንሸራተቱት ስፖርተኞች የሚመርጡት እርሱን ነው። ስለዚህ ቤቱ ለየትኛው እንግዳ እንደታሰበ ሳይታወቅ የአዳሩን ዋጋ መገመት አይቻልም።

ሁለተኛው ወቅቱ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ ረጅሙ ዝናብ ይወርዳል፤ ብዙ ሆቴሎችም በዚያ ጊዜ ዘግተው ቀለም ይቀባሉ፣ ሠራተኛውን ዕረፍት ያስወጣሉ። በኅዳር አካባቢ አጭሩ ዝናብ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረምና በገና ሰሞን ግን ገበያው ይደራል። የነሐሴን ዋጋ ወስዶ በ12 ወር የሚያባዛ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወረቀቱን መልሱለት።

ሦስተኛው ጨው ነው፤ ብዙ ገዢ የማያስበውም ይህንኑ ነው። ርካሽ የበር ማጠፊያ ዓመት ሳይሞላው ይዝግና በነጩ ቀለም ላይ ቡናማ መስመር እያንጠባጠበ ይወርዳል፤ ደጅ የሚሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ ክፍል ደግሞ በየጊዜው በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይበላል። ጣሪያው በአካባቢው ማኩቲ በሚባለው የኮኮናት ዝንጣፊ የሚከደን ከሆነ፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ እንዳለበትና እሳት እንደሚፈራ ይወቁ። መብራቱም ከዋናው ታንዛኒያ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ የሚመጣ ነው። ከ2009 መጨረሻ እስከ 2010 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገመዱ ተበላሽቶ ደሴቱ ለሦስት ወር ያህል ጨለማ ውስጥ ቆይቷል። በ2013 ሌላ ገመድ ተጨምሮ ሁኔታው ቢሻሻልም፣ ሕንጻው ጄኔሬተር እንዳለውና ነዳጁን ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ይገባል።

አውሎ ነፋስን በተመለከተ ዛንዚባር ከሌሎቹ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የተሻለ ዕድል አላት። በ1872 ብርቱ አውሎ ነፋስ መትቷት የሚያውቅ ቢሆንም፣ በታኅሣሥ 2024 ማዮትን እንዳወደመው ያለው እዚያ እምብዛም አይደርስም።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ገላን

የሱሉልታው ወንድማችን ወጪውን በዓይን አሳይተውናል፤ እኔ ወደ ቁጥር ልመልሰው።

በ8 በመቶው ልጀምር። የ90,000 ዶላር 8 በመቶ 7,200 ዶላር ነው፤ በ3 ዓመት 21,600 ዶላር ይሆናል። አሁን ወንድምዎ ያለ ምንም የገቢ ቃል የሚሸጡ፣ በስፋትና በቦታ ተመሳሳይ የሆኑ አፓርታማዎችን ዋጋ ይጠይቅ። በ70,000 ዶላር አካባቢ ካገኘ ምሥጢሩ ተፈታ ማለት ነው፤ ኩባንያው በዋጋው ላይ 20,000 ዶላር ጨምሮ፣ ያንኑ የገዢውን ገንዘብ በሦስት ዓመት ከፋፍሎ ይመልስለታል። ገዢው ኪራይ የተቀበለ ይመስለዋል እንጂ የተቀበለው የራሱን ገንዘብ ነው። የዋጋ ልዩነት ባይኖር እንኳ ቃሉን የሰጠው ኩባንያ የራሱ ንብረት የሌለው፣ ለዚሁ ፕሮጀክት ብቻ የተቋቋመ ከሆነ፣ መክፈል ባቃተው ቀን ይዘው የሚሟገቱበት ነገር የለም።

ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ በግምት እናስላው። ቤቱ በአዳር 70 ዶላር ቢከራይና ከዓመቱ ግማሹን፣ ማለትም 182 አዳር፣ ሰው ቢገባበት 12,740 ዶላር ይገባል። እንግዳውን የሚያመጣው የኢንተርኔት ድርጅት 15 በመቶ ቢወስድ 1,911 ይሄዳል። ቁልፍ የሚያስረክብ፣ አንሶላ የሚያስለውጥና እኩለ ሌሊት ላይ ለሚደውል እንግዳ የሚያነሣ አስተዳዳሪ 25 በመቶ ቢጠይቅ ሌላ 3,185 ይወጣል። ለሕንጻው የጋራ አገልግሎት በወር 150 ዶላር ቢከፈል በዓመት 1,800 ነው፤ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለኢንተርኔትና ለጥገና 2,000 እንያዝ። የሚተርፈው 3,844 ዶላር ይሆናል፤ ይህም ከዋጋው 4 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፣ ግብርና እንግዳው በአዳር የሚከፍለው የመሠረተ ልማት ክፍያ ገና አልተነካም። ዕቃው በዋጋው ውስጥ ካልተካተተ ደግሞ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ማቀዝቀዣና የወጥ ቤት ዕቃ ሁሉ ከኪስ ነው። በአዳር የሚጠየቀውን ዋጋና የሚያድረውን ሰው ብዛት እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ አስሉት፤ 35 በመቶ ብቻ ሲያዝ ምን እንደሚተርፍ ካያችሁ በኋላ ወስኑ።

ወንድምዎ የአሜሪካ ዜጋ በመሆኑ የትም ያገኘውን ገቢ ለዚያ አገር ግብር ሰብሳቢ ማሳወቅ አለበት። በውጭ አገር ለሚከራይ መኖሪያ ቤት የእርጅና ተቀናሹ በ30 ዓመት ተከፋፍሎ ይታሰብለታል፤ በውጭ ባንኮች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ያንኑ ለብቻው ያሳውቃል። ኪራዩ ታንዛኒያ ባንክ ሲጠራቀም ይህ ቶሎ ይደርሳል።

ወደ እርስዎ ብር ስመጣ መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን መደረጉ፣ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ብሩን መንዝሮ ውጭ አገር ቤት እንዲገዛ በር ከፍቷል ብለው የሚያስቡ አሉ። የተለወጠው የዋጋው አወሳሰን ነው፤ ካፒታል ወደ ውጭ ማውጣት ዛሬም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። እዚህ በብር የወንድምዎን ወጪ ሸፍነው እርሱ በዶላር የእርስዎን ድርሻ እዚያ ቢከፍል ደግሞ ከባንክ ውጭ የተደረገ ምንዛሪ ነው ሊባል ይችላል። ወንድምዎ በራሱ ገንዘብና በራሱ ስም ይግዛ።

መልስ፦ ከሰበታ

ባሕር አቋርጦ ከመሄድ ቢሾፍቱ ምን አጠፋ? ሐይቁ አለ፣ ፈጣኑ መንገድ አለ፣ ቋንቋው የራሳችን ነው። ወንድምዎ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ቢጫ ካርድ ካወጣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት እዚህ ቤት ከመያዝ አይከለከልም።

መልስ፦ የሱሉልታው

የቢሾፍቱው ሐሳብ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ ገበያ ነው። የቢሾፍቱ ቤት በቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልና በስብሰባ እንግዳ ይኖራል፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ደግሞ ጥበቃው ብቻውን ይውላል፤ ገቢውም ብር ነው። 1 ዶላር ከ58 ብር በታች በነበረበት ጊዜ ዶላር አስገብቶ እዚህ ቤት የሠራ ሰው ዛሬ የኪራዩን ብር በዶላር ሲያስበው ምን እንደሚሰማው ይታወቃል። ለእርስዎ ለራስዎ ብር ግን ከዛንዚባሩ ይልቅ ይህ የሚቀርብ ይመስለኛል።

የለገጣፎዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተመሳሳይ ቤት ያለ ገቢ ቃል ስንት እንደሚሸጥ ወንድሜ እንዲጠይቅ ዛሬውኑ ነግሬዋለሁ። መሬቱን በተመለከተ ግን ወኪሉ ዘላለማዊ ባለቤትነት ነው ብሎታል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል? ደግሞም ወንድሜ ሙሉ ውክልና ልኮልኝ ውሉን እኔ ሄጄ እንድፈርም ይፈልጋል።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ቡራዩ

እውነት አይደለም። በዛንዚባር መሬት ሁሉ በ1992 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የመሬት ይዞታ ሕግ መሠረት የሕዝብ ነው፤ የውጭ አገር ሰው የሚያገኘው የኪራይ መብት ነው። ሊዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ የሚሰጠው እዚህም እስከ 99 ዓመት ነው። እዚያም እስከ 99 ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሙሉው ተሰጥቷል ወይስ ለ33 ዓመት ተሰጥቶ በእድሳት የሚቀጥል ነው የሚለው ትልቅ ልዩነት አለው። ዘመኑ የሚቆጠረውም ኩባንያው መሬቱን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ወንድምዎ ቤቱን ከገዛበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ስለዚህ የዋናው ሊዝ ውል ቅጂ ይጠየቅ፤ ስሙ የሻጩ ኩባንያ ይሁን የሌላ፣ በባንክ ዕዳ የተያዘ ይሁን አይሁን፣ በመዝገብ ጽሕፈት ቤት በራሳችሁ ጠበቃ ይጣራ። ሻጩ የሚያቀርበው ጠበቃ የሻጩ ጠበቃ ነው።

እዚያ አፓርታማን ለየብቻ በስም ለማስመዝገብ መሠረት የሆነው በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኮንዶሚኒየም ሕግ ነው። ሕንጻው በዚህ ሕግ ካልተመዘገበ ገዢው በእጁ የሚይዘው ከኩባንያው ጋር ያደረገውን ውል ብቻ ነው፤ ኩባንያው ቢወድቅ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ወረፋ ይይዛል ማለት ነው። በአገሬው ሰው ስም እናስመዝግብልህ የሚል ካለ ደግሞ ንግግሩ እዚያው ይቁም። በኢንዶኔዥያዋ ባሊ በዚህ ዘዴ የገዙ የውጭ ሰዎች፣ ስሙን ያዋሰው ሰው ሲክድ ወይም ሲሞት ፍርድ ቤት ይዘው የሚቀርቡት ሕጋዊ ሰነድ አጥተዋል። የመኖሪያ ፈቃድም ያገኛል ተብሎ ከሆነ፣ በዛንዚባር ለዚህ የሚጠቀሰው መነሻ 100,000 ዶላር ስለሆነ የ90,000ው ቤት አያደርሰውም።

ውክልናን በተመለከተ ሙሉ ውክልና አያስፈልግም፤ እንዲያውም እርስዎን ራስዎን ለአደጋ ያጋልጣል። ወንድምዎ የተወሰነውን ቤት በመለየት፣ ለመረከብና ለመፈተሽ ብቻ የሚያገለግል ልዩ ውክልና ቢሰጥዎ ይበቃል። ክፍያዎቹን ራሱ ከራሱ ሒሳብ በቀጥታ ለኩባንያው ያስተላልፍ፤ ለወኪሉ በግል አንድም ዶላር አይከፈል። እያንዳንዱ ክፍያም ሻጩ ያልሆነ መሐንዲስ የተባለው ሥራ መጠናቀቁን በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ እንዲሆን በውሉ ይግባ። ርክክቡ ቢዘገይ በየወሩ የሚታሰብ መቀጫና፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ውሉን አፍርሶ ገንዘብን የማስመለስ መብትም አብሮ ይጻፍ።

አንድ አንቀጽ ግን ከሁሉ በፊት ይፈለግ። ብዙ እንዲህ ዓይነት ውሎች የኪራይ አስተዳደሩን ለኩባንያው ወይም እርሱ ለሚመርጠው ድርጅት ብቻ የሚሰጡ ሲሆን፣ ባለቤቱ ከሦስቱ ዓመት በኋላም ቤቱን በራሱ ሰው እንዳያከራይ ይከለክላሉ። ቤት ለእንግዳ ለማከራየት የዛንዚባር ቱሪዝም ኮሚሽን ፈቃድ ስለሚያስፈልግም፣ ፈቃዱ በኩባንያው ስም ከሆነ አስተዳደሩን ለእርስዎ ማዛወር በወረቀት ላይ የተፈቀደ ቢመስል እንኳ በተግባር ያስቸግራል። የአስተዳደር ውሉ ብዙውን ጊዜ ከሽያጩ ውል ተለይቶ በኋላ ላይ ስለሚላክ፣ ወንድምዎ የመያዣውን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሁለቱንም በአንድ ላይ ይጠይቅ።